ምጣድ ጠጋኙ ቤት እና የሚያጉረመርመው ፔዳሌ

ቱሉ ዲምቱ ከሚገኙት የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች በአንዱ ምድር ላይ ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለ። ደጃፉ ላይ የሚደረደሩት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ምጣዶችና ሪሲቨሮች ስለሆኑ፣ በገዛ እጄ የሠራሁትን የጊታር ፔዳል (በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል ገብቶ ድምፁን የሚለውጥ፣ በእግር የሚረገጥ ዕቃ) ይዤ ስገባ ሳቅ ጠብቄ ነበር። ባለሙያው ግን አልሳቀም። ሌላ ቦታ «ትራንዚስተሩ (ድምፁን የሚያጎላው ዕቃ) ተቃጥሏል» ተብዬ በከንቱ እንዳስቀየርኩ ስነግረው፣ ገና ሳይፈታው «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድምፁን አሰማኝ» አለኝ።

ፔዳሉ በሁለት ትራንዚስተር የሚሠራ፣ የጊታርን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክር ፈዝ ነው። ችግሩ ሳልጫወት ጭምር ከሥር ወፍራም ጉርምርምታ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ትንኝ ያለ ቀጭን ሲርታ ማሰማቱ ነበር። እኔ ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ስቆጥር፣ እሱ ግን ለያያቸው። ጊታሩን ያለ ፔዳል በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘ፤ ጸጥ አለ። ፔዳሉን መልሶ የጊታሩን ቮሊዩም ዜሮ ላይ አደረገው፤ ሁለቱም ድምፆች እዚያው ነበሩ። አዳፕተሩን ነቅሎ በ9 ቮልት ባትሪ ሲያስነሳው ሲርታው ጨርሶ ጠፋ፣ ጉርምርምታው ግን ቀነሰ እንጂ አልተወንም።

እንደ ስልክ ቻርጀር የተሠሩ አዳፕተሮች ኃይሉን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያቆራረጡ ይሰጣሉ። ይህ ከጆሮ አቅም በላይ ቢሆንም፣ እንደ ፔዳሌ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ የሚስብ ዕቃ ሲሰካባቸው አንዳንዶቹ በየመሐሉ እያረፉ ስለሚሠሩ ምቱ ወደሚሰማው ክልል ይወርዳል፤ ፈዙ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አጉልቶ ያወጣዋል። ባለሙያው በኃይል መግቢያው ላይ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ)፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ግራውንድ (ወደ ጋራው የዜሮ መስመር) የሚወርድ ባለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) በየደ። ሁለቱ አንድ ላይ ከ16 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን መወዛወዝ ያዳክማሉ፤ በአዳፕተሩም ሲሠራ ሲርታው አልተመለሰም።

የጉርምርምታው ጥፋት የእኔው ነበር። ፔዳሉን የሠራሁት በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በመሆኑ፣ ከቤቱ የ50 ኸርዝ መስመር የሚመጣውን ረብሻ የሚያግድ ነገር አልነበረውም። ዕቃውን ከውስጥ በአልሙኒየም ፎይል ሸፍኖ ከግራውንድ ጋር አገናኘው፣ ረጅሙንም የመግቢያ ሽቦ በሺልድ ሽቦ፣ ማለትም ረብሻ የሚያግድ የብረት መሸፈኛ ባለው ሽቦ፣ ተካው። ከመውጫው ጋር ተጠጋግቶ እያለፈ የወጣውን ድምፅ መልሶ ያስገባ የነበረውም ይኸው ሽቦ ስለነበረ፣ ፈዙን እስከ ጥግ ስከፍተው ይመጣ የነበረው ፉጨት አብሮ ቀረ። የቀረውን ስስ የፍሽታ ድምፅ ግን ሥራው ብዙ ማጉላት የሆነ መሣሪያ ጨርሶ እንደማይላቀቀው ነግሮኝ፣ ለእሱ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀም።

ቅሬታም አለኝ። «ነገ ውሰድ» የተባለው ሥራ አራት ቀን ፈጀ። ቤቱ የጊታር አምፕሊፋየር ስለሌለው የራሴን በባጃጅ ጭኜ መመላለስ ግድ ሆኖብኛል። ካፓሲተሩንም መጀመሪያ ከአሮጌ የቴሌቪዥን ቦርድ ነቅሎ ሊያስገባው ሲል፣ እነዚህ ዕቃዎች በዕድሜ እንደሚደክሙ ስለማውቅ አዲስ እንዲሆን ጠይቄ ከመሳቢያው አውጥቶልኛል። ስለዚህ ወደዚህ ቤት የሚሄድ ሰው አምፕሊፋየሩን፣ ኬብሎቹን፣ አዳፕተሩንና ያላለቀ ባትሪ አብሮ ይያዝ፤ አዲስ ዕቃ እንዲገባለትም ሥራው ሳይጀመር ይነጋገር።