መጻሕፍት ሲረጥቡ የሚያድነው ዕቃ የቱ ነው? ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ሐምሌ አንድ ሰኞ ጠዋት የምሠራበትን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ስከፍት ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቷል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ኖሯል። የቅዳሜው ዝናብ መውጫ ሲያጣ በኮርኒሱ ወርዶ ሁለት መደርደሪያ አጥቧል። በእጃችን የነበረው አንድ ባልዲ፣ አንድ መወልወያና አንድ ያረጀ መጋረጃ ነው። ዕቃ ፍለጋ ስንሯሯጥ ግማሽ ቀን አለፈ። ዕቃዎቹን ጎን ለጎን ማወዳደር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የትምህርት ቤት፣ የወረዳ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት በኃላፊነት ለያዛችሁ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንድ ቁጥር ያዙልኝ፦ 48 ሰዓት። የረጠበ ወረቀት ሞቅ ባለና በታፈነ ክፍል ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሻጋታ ማውጣት ይጀምራል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው መጽሔቶችና ሥዕል የበዛባቸው መማሪያዎች ይህን ያህልም አይታገሡም። ከረጠቡ በኋላ እንዲሁ ከደረቁ ገጾቹ ተጣብቀው ጡብ ይሆናሉ። ስለዚህ ዕቃ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው እሁድ ማታ ብፈልገው በእጄ ይገኛል ወይ ብዬ ነው።

የታሸገ ሳጥን ወይስ ከመርካቶ የተለቀመ

ውጭ አገር ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ዕቃ የሚያቀርቡ ሻጮች የተዘጋጀ የአደጋ ጊዜ ሳጥን አላቸው። ጓንቱ፣ ላስቲኩ፣ ስፖንጁ፣ መምጠጫ ወረቀቱ፣ መቀሱ ሁሉ በአንድ ታሽጎ ይመጣል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላለ ሰው ጥሩ ነው። እዚህ ግን የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ጣጣ አለበት። መጠኑም ትንሽ ነው፤ አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ ለመጀመሪያዋ ሰዓት ይበቃል እንጂ ሁለት መደርደሪያ አያደርቅም። በውስጡ ካለው አብዛኛው ደግሞ መርካቶ ሞልቷል።

የሳጥኑ ትልቅ ብልጫ ምንም ያልጎደለው መሆኑ ነው። እኛ ስንለቅም አንድ ነገር መርሳታችን አይቀርም። እኔ መቀስ ረስቼ ላስቲኩን በሽንኩርት ቢላ ነው የቆረጥኩት። ምክሬ፦ ዝርዝሩን ከሻጩ ኮርጁ፣ ዕቃውን እዚሁ ግዙ።

ላስቲክ፣ ሸራ፣ ሳጥን

ሸራ ጠንካራ ነው፤ ቀለበት ስላለው በገመድ ይታሰራል፣ ንፋስም ይችላል። የሚያፈስ ጣሪያ ለማልበስ እሱን የሚያህል የለም። መደርደሪያ ላይ ግን ከባድ ነው፤ ከሥሩ ያለውንም አያሳይም። በሜትር የሚሸጠው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው ላስቲክ ርካሽ ነው፣ መጽሐፉ እየረጠበ ከሆነም ያሳያችኋል። ስለዚህ ለጣሪያ ሸራ፣ ለመደርደሪያ ላስቲክ። አስቀድማችሁ በመደርደሪያው ልክ ቆርጣችሁ እጠፉት፤ መብራት ጠፍቶ መለካት ፈተና ነው። ፍሳሹ ሲቆም ደግሞ ግለጡት፤ ታፍኖ ከቆየ ራሱ ሻጋታ ያመጣል።

ካርቶን በነፃ ይገኛል፤ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ነው። የረጠበ ዘመናዊ መጽሐፍ የክብደቱን 60 በመቶ ያህል ውሃ ሊሸከም ይችላል። ካርቶኑ ከዚያ ውሃ ይጠጣና ደረጃ መሃል ላይ ሥሩ ይበረገዳል። ቲማቲም የሚጫንበት ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን በብዙ ይበልጠዋል፤ ውሃው ይንጠባጠባል፣ አየር ያስገባል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ይቆማል። የቢራና የለስላሳ ሳጥን በውስጡ ክፍፍል ስላለው አይሆንም። መጻሕፍቱን የተሰፉበትን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ በአንድ ረድፍ ብቻ አስገቡ። ሚያዝያ 10 ቀን 2013 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የጃገር ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ ሲቃጠል፣ ምድር ቤት የነበረው ስብስብ ከእሳቱ ቢያመልጥም የማጥፊያው ውሃ አገኘው። በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው ያወጡት በፕላስቲክ ሳጥን እየተቀባበሉ ነው።

የሚመጥ ወረቀት

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው እዚህ ነው። ሦስት ምርጫ አለ።

እውነተኛው መምጠጫ ወረቀት ወፍራም ነው፣ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ደርቆ እንደገና ያገለግላል። ውድ ነው። ለጥቂት ብርቅ መጻሕፍት ይያዝ እንጂ ለመማሪያ መጽሐፍ ማዋሉ ብክነት ነው። ሁለተኛው ነጭ የወጥ ቤት ሶፍት ነው። ጎበዝ መጣጭ ነው፣ የትም ይገኛል፤ አበባ የታተመበትን ግን ተዉት፣ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል። የመጸዳጃ ሶፍት ደግሞ ሲረጥብ ይበጣጠስና ገጹ ላይ ይለጠፋል። ያንን ለቅሞ ማንሣት ሌላ አደጋ ነው።

ሦስተኛው፣ የእኔ ምርጫ፣ ምንም ያልታተመበት የጋዜጣ ወረቀት ነው። ማተሚያ ቤቶች ዘንድ ጥቅሉ ሲያልቅ የሚተርፍ ቁራጭ ይኖራል፤ ጠይቁ። ይመጣል፣ ርካሽ ነው፣ በፈለጋችሁት መጠን ይቆረጣል። የታተመ ጋዜጣ ግን ቀለሙን ለመጽሐፉ ያወርሳል።

የትኛውንም ብትመርጡ በየ20 ገጹ ግድም ጣል ይደረጋል። የሚገባው ወረቀት ሁሉ ተደምሮ ከመጽሐፉ ውፍረት ሲሶ እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ ስፌቱ ይላቀቃል። ክፍት ሲባል የማይከፈተውን፣ በውሃ የተንዠረገገውን መጽሐፍ ግን አትታገሉት፤ ትንሽ እስኪጠፈጠፍ ይቁም። ወረቀቱ ሲረጥብ ይለወጣል፣ እንደገና ይረጥባል፣ እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ ይበቃል ብላችሁ ያሰባችሁትን እጥፍ ግዙ። እኛ መቶ ለማይሞላ መጽሐፍ የገዛነው ሶፍት ማግስቱን አላየም።

ፍሪዘር

የረጠበው መጽሐፍ ከሰው ጉልበት በላይ ሲሆን ፋታ የሚሰጠው ብርድ ነው። ቅዝቃዜው ሻጋታውን አይገድለውም፤ ባለበት ያስቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሎስ አንጀለስ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል 700,000 ያህል የረጠቡ መጻሕፍት ምግብ ወደሚቀመጥባቸው ማቀዝቀዣ መጋዘኖች ገብተው በረዶ ሆነው ቆይተዋል። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966 ፍሎረንስን አርኖ ወንዝ ሲያጥለቀልቃት ይህ ዘዴ ገና አልተለመደም ነበር። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት የትምባሆ ማድረቂያ ቤት ድረስ ወስደው ነው ያደረቋቸው።

ለእኛ ጥያቄው የቆመው ፍሪዘር ወይስ ከላይ የሚከፈተው ጋደም ያለ ዲፕ ፍሪዘር የሚል ነው። የቆመው ቦታ አይዝም፣ መሳቢያውም ለመለየት ይመቻል። ግን በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ወደ እግራችሁ ይፈስሳል፤ መሳቢያዎቹም ትልልቅ መጽሐፍ አይችሉም። ጋደም ያለው ትልቁንም ትንሹንም ይውጣል። መብራት ሲጠፋም፣ ሞልቶ ካልተከፈተ ሁለት ቀን ገደማ፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል። በእኛ የመብራት ሁኔታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጋደም ያለውን ግዙ። ከመክተታችሁ በፊት በመጽሐፉና በመጽሐፉ መሃል የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ፤ አለዚያ ሽፋኖቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

በጀቱ ከሌለ ሥጋ ወይም ዓሣ ከሚያቀዘቅዝ ነጋዴ ጋር አስቀድሞ መስማማት ከመግዛት ይሻላል። ለመስማማት ስትሄዱ ዲግሪውን ጠይቁ፤ የምትፈልጉት ከዜሮ በታች 18 ወይም ከዚያ በላይ የቀዘቀዘ ነው። የአበባ ማቆያ ክፍል ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ ነው፤ ሻጋታውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ለአንድ ሌሊት እሺ፣ ለሳምንት ግን አይሆንም።

ቬንቲሌተር ወይስ እርጥበት ሳቢ ማሽን

ከጥቅምት እስከ ጥር ከሆነ ጥያቄም የለው። መስኮት ክፈቱ፣ ሁለት ቬንቲሌተር አቁሙ፣ በቃ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሩ፤ ቀጥታ መጽሐፉ ላይ ከነፈሰ ገጹ ይቆለመማል። ፀሐይ ላይ ማስጣቱም ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ቀለሙን ይመጥጠዋል።

ክረምት ላይ መስኮት መክፈት ሌላ እርጥበት መጋበዝ ስለሆነ ማሽኑ ያስፈልጋል። ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። በኮምፕሬሰር የሚሠራው ርካሽና የተለመደው ማሽን ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጉልበቱ ይደክማል። የአዲስ አበባን የነሐሴ ሌሊት ታውቁታላችሁ። ለደጋ፣ እርጥበትን በሚመጥ ኬሚካል የሚሠራው ይሻላል፤ መብራት ይበላል፣ ግን በብርድም ይሠራል። ጋምቤላን ለመሰለ ሞቃት ቦታ ኮምፕሬሰሩ ይበቃል። ሁለቱንም ሳትገዙ በፊት ትንሿን የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ከ65 በመቶ በላይ ካሳየቻችሁ ሻጋታ ደጅ ላይ ነው።

የቀረው አጭር ነው። ለሻጋታ ተራው የሕክምና ማስክ አይሆንም፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው ኤን 95 ይሁን። ጓንት ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራው። ባትሪ ግንባር ላይ የሚታሰረው፤ ሁለት እጃችሁን ትፈልጉታላችሁ።

ብራና ካላችሁ ከላይ ካልኩት ብዙው ለእናንተ አይሠራም። ብራና ቆዳ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ አንዴ ከተኮማተረም መመለሻ የለውም። ማሞቂያ አታቅርቡበት፣ ያለ ባለሙያም ፍሪዘር አታስገቡት። ጥላ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀለል ያለ ክብደት ተደርጎበት ይድረቅ። ለእሱ የምትገዙት ዋናው ዕቃ ያ ውዱ መምጠጫ ወረቀት ነው።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በመጀመሪያው ወር ላስቲክ፣ ሳጥን፣ ወረቀትና ጓንት ግዙ፤ ቀጥሎ መለኪያዋንና ቬንቲሌተሩን፤ ፍሪዘሩን በስምምነት ተሻገሩት፤ ማሽኑ መጨረሻ ይሁን። የአደጋ ጊዜ ዕቃችሁን የያዘውን ሳጥን ደግሞ በፕላስቲክ ማሰሪያ አሽጉና ቀን ጻፉበት። የእኛው ሳይታሸግ ሁለት ወር ቆይቶ ስከፍተው ሶፍቱ ለሻይ ክበብ ተወስዷል፣ ባትሪው ከጥበቃው ዘንድ ነው፣ መቀሱ እንደገና የለም።