ልጆቻችንን ከጅብ ጋር በደንብ ላስተዋወቀው አስጎብኚ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሐረር፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ግቢ፣ ስለ አካባቢያችን የዱር አጥቢ እንስሳት የቤተሰብ ቀን ተዘጋጅቶ ነበር። ፕሮግራሙን የመራው አንድ ወጣት አስጎብኚ ነው። ስሙን ያለ ፈቃዱ አልጽፍም። ምስጋናዬን ግን በአደባባይ ማቅረብ ፈልጌያለሁ፤ ሥራው ይታወቅለት።

ለሐረር ልጅ ጅብ ብርቅ አይደለም። ማታ ማታ ድምፁን እየሰማ ነው የሚተኛው። ከጀጎል ግንብ ውጭ ሰው ሲመግበው ያየም ብዙ ነው። ስለ ጠባዩ የሚያውቀው ግን ከተረት ነው፤ በተረታችን ደግሞ ጅብ ሆዳምና ሞኝ ነው። አስጎብኚው ከዚሁ ጀመረ። ልጆቹ የሚያውቁትን ተረት አስወራቸው። እስኪጨርሱ በትዕግሥት ሰማ። ከዚያ "የጅብ መንጋ አለቃ ማን ይመስላችኋል?" አላቸው። "ትልቁ ወንድ!" ብለው ጮኹ። አለቃዋ ሴቷ ናት። በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። ግልገሎቿ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ነጠብጣብ ሳይኖራቸው ጠቆር ብለው ይወለዳሉ። ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ታጠባቸዋለች። ይሄኔ ከልጆቹ ይልቅ እናቶቹ ናቸው የተንጫጩት።

በተከደነ ብልቃጥ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ይዞ መጥቷል። የደረቀ የጅብ ዓይነ ምድር ነው። ነጭ የሆነው ጅብ አጥንት ቆርጥሞ ስለሚፈጭ ነው። ብልቃጡን አንዴም አልከፈተውም። የጃርት እሾህ ግን በየተራ አስነካቸው፤ ከዚያ ሁሉንም እጃቸውን በሳሙና አስታጠበ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል።

አንዲት አዛውንት እናት ስለ አሹራ ገንፎ አነሱ። በአሹራ ቀን ለጅቦች ቅቤ የተቀባ ገንፎ ይቀርባል፤ በደንብ ከበሉ ዓመቱ መልካም ይሆናል ይባላል። ጅብ ጂን ይበላል የሚለውንም ጨመሩ። ሌላ ሰው ቢሆን "ይሄ እንኳን እምነት ነው" ብሎ ያልፋቸው ነበር። እሱ "እማማ፣ እስቲ ለልጆቹ ይንገሩልን" ብሎ ማይኩን ሰጣቸው። በጀጎል ግንብ ሥር ያሉትን የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች ታሪክም ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ወላጅ ሆኜ በጣም የወደድኩት የጥንቃቄውን ክፍል ነው። ልጆቹን አላስፈራራም፣ አላዘናጋቸውምም። ጅብን አትከተሉ፣ ድንጋይ አትወርውሩ፣ ልምድ ያለው ሰው ሳይኖር ለመመገብ አትሞክሩ አላቸው። ውሻም ይሁን የዱር እንስሳ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው የሚተርፍበት በሽታ አይደለም። ልጄ ይህን እቤት ገብታ ለአያቷ አንድ በአንድ ደገመችላቸው።

የሌሊት ወፍ አጥቢ እንስሳ መሆኗን፣ ሽኮኮ ደግሞ የዝሆን የቅርብ ዘመድ መሆኑን የሰማሁት እዚያው ነው። ስለ ባቢሌ ዝሆኖች የተነገረው ግን አጠረብኝ። መጠለያው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የዝሆኖቹ መኖሪያ በሰፈራ እየጠበበ ነው፤ አደንም ያሰጋቸዋል። ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል። ነግሬዋለሁ፣ ተቀብሎኛል።

ቡና ላፈላችሁልን የሰፈር እናቶች፣ ወንበር ላመላለሳችሁ ወጣቶች እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

ትምህርት ቤት የምታስተዳድሩ፣ የልጆች ፕሮግራም የምታዘጋጁ፣ ወይም ከቤተሰብ ጋር ሐረርን ልታዩ የምትመጡ ካላችሁ ይህን ልጅ ያዙት። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪ ይናገራል። ድሬዳዋም ድረስ ይመጣል፤ እዚያ ከሆነ ስለ ዝንጀሮዎች ክፍል እጨምራለሁ ብሏል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከሳምንት በፊት ብትነግሩት ጥሩ ነው፤ የልጆቹን ዕድሜ ጠይቆ ነው የሚዘጋጀው።