የ10 ሜጋቢት የቤት ኢንተርኔት በድሬዳዋ፦ የጎደለችው አንድ ሜጋቢት ትጎዳለች?

ከዚራ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ ውሉ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚል የፋይበር ኢንተርኔት ካስገባሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒውተሬን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ስለካው ውጤቱ ከ9 እስከ 9.5 ሜጋቢት ነበር፤ የከፈልኩበት ሙሉ አልደረሰኝም ብዬም ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ግን ቁጣዬ ያለቦታው እንደነበር አምናለሁ።

1 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል 8,000 ሜጋቢት ነው፤ በ10 ሜጋቢት ፍጥነት ለማውረድ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ በ9 ሜጋቢት ደግሞ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ማውረዱን አስጀምሮ ቡና ለሚያፈላ ሰው ይህ ልዩነት አይታወቀውም። ደግሞም እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ አድራሻውንና ቅደም ተከተሉን ተሸክሞ ስለሚጓዝ፣ መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ከመስመሩ ፍጥነት ጥቂት በመቶ ማነሱ አይቀርም። (ስልካቸው በሰከንድ 1.1 ሜጋባይት ሲያሳያቸው ተታለልን የሚሉ ጎረቤቶችም አሉኝ፤ አንድ ባይት 8 ቢት መሆኑን ሳስረዳቸው ይረጋጋሉ።)

እኔን የሚያሳስበኝ የምሽቱ ነገር ነው። ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ ብዙ ቤቶች በአንድ መከፋፈያ የሚጋሩት መስመር የሚጨናነቅ ይመስለኛል፤ ፍጥነቱ አንዳንዴ ከ3 ሜጋቢት በታች ይወርዳል፣ ከዚያም የሚብሰው መረጃው አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ለሁለት ሰዎች የቪዲዮ ጥሪ 2 ሜጋቢት እንኳ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ፣ እናቴ ውጭ አገር ካለችው እህቴ ጋር ስታወራ ድምፁ ይቆራረጥና «አልሰማሁሽም ልጄ፣ እስቲ ድገሚልኝ» እያለች ጨዋታቸው ሳይሞላ ያልቃል። ይህን በአጠገቧ ተቀምጦ ማየት ያሳዝናል።

አቤቱታዬን ተቀብሎ የመጣው ባለሙያ ትሁት ሰው ነበር፤ ሆኖም የለካው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ስለነበር 9.4 አገኘና «መስመሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ የተለካው ግን እኛ ባልተቸገርንበት ሰዓት ነው። ድርጅቱ በውሉ ላይ ከፍተኛውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በምሽት የማይወርድበትን ዝቅተኛ መጠንም ቢጽፍልን፣ ደንበኛው ምን እንደሚገዛ ባወቀ ነበር።

ለቀን ሥራ አገልግሎቱ ጥሩ ስለሆነ ውሌን አድሻለሁ። ሻጮቹ እንደመከሩኝ ወደ 20 ሜጋቢት ግን አላሳድግም፤ የተጨናነቀው የጋራው መስመር ከሆነ፣ የኔ ጥቅል መተለቁ የእናቴን ጥሪ አያስተካክልም።