ለጥንቸሎቻችን መንገድ ላነጠፉልን አባት

ሰላም የደሴና የአካባቢዋ ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው ምስጋና ነው፤ ጥቆማም ነው። ቤታችሁ ጥንቸል ካለ፣ ወለላችሁም ሴራሚክ ከሆነ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሁለት ጥንቸሎች አሉን። ነጯ ዳመና ትባላለች። ቡናማው ቆሎ ነው። ልጄ ናት ከትንሽነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው። የድሮው ቤታችን ወለል ሻካራ ጣውላ ስለነበር እንደ ልባቸው ይሮጡ ነበር። ጥቅምት ላይ ቤት ቀየርን። አዲሱ ቤት ወለሉ በሙሉ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ነው። እኛ ደስ አለን። ለጽዳት ይመቻል፣ ያምራል። የእነሱን እግር ግን አላሰብንም።

ውጭ ብታሳድጓቸውስ የሚለኝ አይጠፋም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዷን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድመቱ አለ፣ ውሻው አለ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጅቡ አለ። ስለዚህ ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት።

በመጀመሪያው ቀን ቆሎ ከካርቶኑ ወጥቶ ሊሮጥ ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተከፈቱና በሆዱ ተዘረጋ። ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ጥፍሮቹ ሴራሚኩ ላይ ሲንኳኩ እስከ ወጥ ቤት ይሰማኝ ነበር። ዳመና ደግሞ ከነጭራሹ መንቀሳቀስ ተወች። በሩ አጠገብ ያለችው የእግር መጥረጊያ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች። እዚያው ትውላለች፣ እዚያው ታድራለች። ልጄ አንድ ቀን ጎመን ከእሷ አንድ ክንድ አርቃ አስቀመጠችላት። ዳመና አንገቷን ዘረጋች። የፊት እግሮቿን ሴራሚኩ ላይ አሳረፈች። የኋላዎቹን ግን ከመጥረጊያዋ ላይ ልታነሳ አልቻለችም። ተንጠራርታ ተንጠራርታ ሳትደርስበት ሲቀር ተመልሳ ኩርምት አለች። አንጀቴን በላችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጄ ቆሎን አቅፋ ስትደባብሰው የኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ፀጉሩ አልቆ አየች። ምስር የምታክል ቀይ ቦታ ወጥታለች። ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው።

ሐኪሙ ያስረዳን ነገር ዓይኔን ገለጠልኝ። ድመትና ውሻ ከእግራቸው ሥር ሥጋማ መርገጫ አላቸው። ጥንቸል ግን የላትም። መዳፏ ሥር ያለው ፀጉር ብቻ ነው። እየሮጠች መሬት የምትቆነጥጠው በጥፍሯ ነው። አፈር ላይ ጥፍሯ ይገባል፣ ሣር ላይ ይይዛል። ሴራሚክ ላይ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ጉልበቷ ደግሞ ያለው ከኋላ እግሯ ነው፤ በዚያ ኃይል ስትገፋ ወለሉ ካልያዘላት እግሯ ወደ ጎን ይሄዳል። አጥንቷ ቀላልና ስስ ስለሆነ ክፉኛ ከተንሸራተተች ልትጎዳ ትችላለች። ጠንካራ ወለል ላይ ብዙ ስትቀመጥ ደግሞ ተረከዟ ይላጣል፤ ከቆየ ይቆስላል። እርጥበት ካለበት ይብሳል። ጥፍር ሲረዝምም እግሩ በትክክል መሬት ላይ ስለማያርፍ ክብደቱ ሁሉ ተረከዙ ላይ ይወድቃል።

ጥፍራቸውን እንዴት እንደምንቆርጥ እዚያው አሳየን። ነጭ ጥፍር ውስጥ ሮዝ የደም ሥር ይታያል፤ ከእሱ ራቅ ብሎ ጫፉን ብቻ መቁረጥ ነው። ጥቁር ጥፍር ከሆነ ከኋላው የስልክ መብራት ማብራት ይረዳል። የመዳፉን ፀጉር ግን እንዳትነኩ አለን። ፍራሻቸው እሱ ነው። ለሐኪሙም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቀጥሎ ያለው የእኔ ጥፋት ነው። ወለሉን ልሸፍን ብዬ ያን የሚገጣጠመውን ባለ ቀለም የልጆች ስፖንጅ ምንጣፍ ገዛሁ። አልተንሸራተቱም። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የምንጣፉ ጥግ ተቦጫጭቆ አገኘሁት። ቆሎ በልቶታል። ያን ቀን ጎመን አልነካም፣ ሣር አልነካም፣ በጠጥም አልጣለም። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም። የዋጠችው ነገር ወይ ያልፋል ወይ አንጀቷን ይዘጋል። ግማሽ ቀን ሙሉ ሳትበላና ሳትጥል ከዋለች ነገ አይባልም። ሮጠን ወሰድነው። ሁለት ቀን በመርፌና በስሪንጅ በሚሰጥ ምግብ ተረፈልን። እነዚያን ሁለት ቀናት መድገም አልፈልግም። ስፖንጁን በዚያው ቀን ጣልኩት።

እኚህን አባት ያገኘኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ከደሴው ሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ የመኪና ወንበርና የሶፋ ልብስ ይሰፋሉ። እኔ የሄድኩት የጎረቤቴን ሶፋ ልረከብላት ነበር። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ጭንቀቴን ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁና «ምንጣፉን ይበሉታል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አብሽሪ ልጄ። መጀመሪያ እነሱን ልያቸው» አሉ።

በማግስቱ ቤት መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሜትር አላወጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ወለል ላይ ተቀመጡና ዝም ብለው አዩዋቸው። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ልጄ ሻይ አቀረበችላቸው፤ እሱንም እዚያው ወለል ላይ ሆነው ጠጡ። ከዚያ ከኪሳቸው የሳሙና ስባሪ አወጡ፤ ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ የሚያሰምሩባት ዓይነት። ሴራሚኩ ላይ ማስመር ጀመሩ። ከጥንቸሎቹ ቤት እስከ ውኃቸው። ከውኃው በግድግዳው ጥግ ጥግ እስከ መስኮቱ ሥር። ከመስኮቱ ደግሞ ወደ ልጄ ክፍል በር።

«መንገዳቸው ይሄ ነው» አሉ። «መሀሉ ላይ አይሄዱም። ቤቱን በሙሉ ላልብስሽ ብልሽ ገንዘብሽን ነው የምበላው።»

እኔ በዚያ ቤት ሁለት ወር ኖሬ ያላየሁትን እሳቸው በግማሽ ሰዓት አዩት። እውነትም ጥንቸል ገላጣ ቦታ ትፈራለች፣ ጥግ ይዛ ነው የምትሄደው።

የመረጡት ዕቃ ሰሌን ነው። የባቲን የሰኞ ገበያ የምታውቁ፣ የአፋር ሴቶች የሚሠሩትን ከዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነ ሰሌን ታውቁታላችሁ። ሽምኑ ጥፍር ይይዛል። ቢቆረጥሙትም ቅጠል ነው። ግን ሰሌን ብቻውን ሴራሚክ ላይ አይሆንም። እሳቸው አንድ ቁራጭ አነጠፉና በእግራቸው ገፋ አደረጉት፤ ሰሌኑ እስከ ግድግዳው ተንሸራቶ ሄደ። «አየሽ፣ ይሄን ካነጠፍሽ ምንጣፉ ላይ ሆነው ነው የሚወድቁት» አሉኝ። ከዚያ ከሥሩ የአሮጌ ከባድ መኪና ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ማለት ነው፣ አደረጉና እንደገና ገፉት። ንቅንቅ አላለም።

አሠራራቸውን በዓይኔ ስላየሁ ልንገራችሁ። ካላማዳሪውን በሳሙና አጥበው ሽታው እስኪለቅ ፀሐይ ላይ አዋሉት። ላስቲኩን ከሰሌኑ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብተው ቆረጡት፤ የጥንቸሎቹ ጥርስ እንዳይደርስበት ነው። ጠርዙን በአቡጀዲ ጠቅልለው ወደ ታች አጠፉት። ጥንቸል የሚላላ ጠርዝ ካላገኘች ማኘክ የምትጀምርበት የላትም። ክሩን ሊጀምሩ ሲሉ ደግሞ እጃቸው ቆም አለ። «ናይለን ነው። ቢመዙትና ቢውጡትስ?» አሉ። ያን አስቀምጠው ወፍራም የጥጥ ክር አመጡ። ይሄን እኔ አልጠየቅኳቸውም።

ቁራጮቹ ዘጠኝ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 60 በ90 ሴንቲ ሜትር። አንድ ረጅም ምንጣፍ ያላደረጉት በሳፋ እንዲታጠብ ብለው ነው። ስድስቱ ይነጠፋሉ፣ ሦስቱ ተለዋጭ ናቸው። የደሴን ክረምት አስቡት፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። እርጥብ ምንጣፍ ደግሞ ለዚያች ለተላጠች ተረከዝ መርዝ ነው። ሽንት የነካውን ቶሎ አንስቶ ደረቁን መተካት ነው። ነጭ ሆኖ የሚደርቀውን የሽንት እድፍ ኮምጣጤ በውኃ በጥብጬ ስቀባው ይለቃል።

ለሚያርፉበት ቦታ ደግሞ ቤት የነበረችኝን አሮጌ ባና አጣጥፈው በጥጥ ጨርቅ ለበጡልኝ። የቤታቸው መወጣጫ ላይም የቃጫ ጆንያ ወጥረው ሰፉበት። መስኮቱ ሥር ግን አንድ ሜትር ያህል ሴራሚክ ባዶ እንድተው ነገሩኝ። በጋ ላይ ሲሞቃቸው ሆዳቸውን የሚያሳርፉበት ነው። ጥንቸል ከብርድ ይልቅ ሙቀት ነው የሚጎዳት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ይሄን በተለይ ልብ በሉ፤ የሐረጎን ተራራ ወርዳችሁ ያለው አየር ከእኛ ጋር አንድ አይደለም። እናንተ ባዶውን ቦታ ሰፋ አድርጉት።

ባነጠፍንበት ቀን ዳመና ወዲያው አልወጣችም። ልጄ ከእግር መጥረጊያዋ ጋር የመጀመሪያውን ቁራጭ አገናኘችላት። አሸተተችው። አንድ እግር አሳረፈች። ቆየች። ሌላውን ጨመረች። ማታ ላይ ውኃው ጋ ደርሳ አገኘናት። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ «እማዬ! እማዬ!» ብላ ስትጮህ ደንግጬ ሮጥኩ። ዳመና ከመስኮቱ ሥር ተነስታ ትሮጣለች፤ መሀል ላይ ስትደርስ ብድግ ብላ ዘለለችና አየር ላይ ወገቧን ጥምዝ አደረገችው። ጥንቸል ስትደሰት እንዲህ ናት። ከጥቅምት ወዲህ አይተነው አናውቅም ነበር። እኔም ልጄም አለቀስን።

የቆሎ ተረከዝ ቀዩ ጠፍቷል። ፀጉሩ ስስ ሆኖ መመለስ ጀምሯል። ሐኪሙ አይቶት ደስ ብሎታል።

አንድ እንከን ነበረ፤ እሱንም ልናገር። የአንዱ ቁራጭ ጥግ በሦስተኛው ሳምንት ተነሳ። ስልክ ደወልኩ። በዚያው ቀን ማታ ከሥራ ሲወጡ መርፌና ክራቸውን ይዘው መጡ። የተነሳውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ጥግ ደግመው ሰፉት። ገንዘብ ስሰጣቸው እጄን መለሱት። «ሥራዬ ነው የላላው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አሉኝ።

የእጅ ዋጋ የከፈልኩት 1,500 ብር ነው። የሰሌኑን ለብቻ ገዛሁ። ካላማዳሪውን ከጎማ ጠጋኝ ጎረቤታቸው በነፃ አምጥተውልኛል። ሥራው አራት ቀን ወሰደባቸው። ቸኩላችሁ ነገ ይድረስልኝ የምትሉ ከሆነ ይሄን አስቡበት፤ እሳቸው አይጣደፉም።

አባባ፣ እጅዎ ይባረክ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ የሳለችልዎትን የዳመናን ሥዕል ሱቅዎ ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን እዚያው ልነግርዎት ፈልጌ አፌ ተሳሰረ። እዚህ ነው የጻፍኩት፤ ልጅዎ ያንብብልዎት።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ እልካለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ስትደውሉላቸው የክፍሉን ስፋት አትንገሯቸው፤ መጥተው ጥንቸሎቹን እንዲያዩ ቀጠሮ ያዙ። ሰኞ ሰኞ ሰሌን ለመግዛት ባቲ ስለሚወርዱ ስልክ ላያነሱ ይችላሉ። ማክሰኞ ጠዋት ሞክሩ።