የተፈጥሮ ማይካ ወይስ ሰው ሠራሽ? የሚያብረቀርቅ አይሻዶ ለሚገዙ

የሠርግ ወቅት በተቃረበ ቁጥር ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሁለት አብረቅራቂ አይሻዶዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ሳለ የዋጋቸው ልዩነት ለምን እንዲህ እንደሚሰፋ። የእኔ ምርጫ በሰው ሠራሽ ማይካ የተሠራው ነው፤ ምክንያቴን ከነዋጋው አስረዳለሁ።

ማይካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየተላጠ የሚለያይ ማዕድን ነው። ፋብሪካዎች እነዚህን ስስ ቅጠሎች በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም በብረት ኦክሳይድ ይሸፍኗቸዋል፤ የታይታኒየሙ ሽፋን በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች በወፈረ ቁጥር ብርማው ነጸብራቅ ወደ ወርቃማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ፣ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

የተፈጥሮው ማይካ በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች መካከል የሕንድ ጃርክሃንድና ቢሃር ግዛቶች እንዲሁም ማዳጋስካር ይገኙበታል፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ብረትም ቢጫ ወይም ግራጫ ጥላ ይሰጠዋል። ሰው ሠራሹ በእቶን ቀልጦ የሚሠራ በመሆኑ ከዚህ ብረት የጸዳ ነው፤ ስለዚህ ብርማና ሰማያዊ ቀለሞች በእሱ ላይ ጠርተው ይታያሉ። ነሐስማና ጥቁር ወርቃማ ቀለም ብቻ ለምትቀባ ሴት ግን የብረት ኦክሳይዱ ሽፋን ጥላውን ስለሚውጠው በመልክ ረገድ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። እኔ በዚያም ጊዜ ቢሆን ሰው ሠራሹን እገዛለሁ፤ በእነዚያ ጉድጓዶች ሕፃናት ማይካ እንደሚለቅሙ እያወቅሁ ርካሹን ማንሳት ይከብደኛል።

ዋጋን በተመለከተ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ግራም ሳያካፍሉ መግዛት አይገባም። አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ባለ 12 ግራም ፓሌት 1,800 ብር ቢባል ግራሙ 150 ብር ይመጣል፤ ባለ 1.5 ግራሙ ነጠላ አይሻዶ 900 ብር ከሆነ ግን ግራሙ 600 ብር ነው። ይሁን እንጂ ከፓሌቱ የምንጠቀመው ሦስቱን ቀለማት ብቻ ከሆነ፣ እነሱም 3 ግራም ብቻ ስለሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ግራም የከፈልነው ያው 600 ብር ነው። የቀሩት ዘጠኙ መሳቢያ ውስጥ ያረጃሉ።

ከሁለቱም የሚከፋው አስመስሎ የተሠራው ነው። አንድ ጊዜ የገዛሁት ሣጥኑ ከኦሪጅናሉ አይለይም ነበር፤ በጣቴ ነክቼ በስልክ መብራት ሳየው ግን ብልጭታው ስድስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ፕላስቲክ ነበር። የማይካ ቅንጣት ጠርዙ ወጥ አይደለም፤ ቆዳ ላይም ተኝቶ ይለጠፋል። የፕላስቲኩ ግን ጉንጭ ላይ ይረግፋል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ሊቧጭር ይችላል። ስለዚህ የይዘቱ ዝርዝር ይነበብ፦ «ሲ.አይ. 77019» ወይም «ማይካ» የሚለው ማዕድኑን፣ «ሲንተቲክ ፍሎርፍሎጎፓይት» የሚለው ሰው ሠራሹን፣ «ፖሊኢትሊን ቴሬፍታሌት» የሚለው ደግሞ ፕላስቲኩን ያመለክታል። ዝርዝር የሌለውን በምንም ዋጋ አልገዛም።

ኦሪጅናሉ ወድቆ ቢሰበር መጣል አያስፈልግም። ፍርካሹን በቀስታ ሰብስቦ፣ ጥቂት ጠብታ የሕክምና አልኮል ጨምሮ፣ በንጹሕ ጨርቅ መጫንና ክዳኑን ሳይዘጉ ማሳደር ይበቃል። መደቆስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ቅጠሎቹ ከደቀቁ ብርሃን የሚመልስ ሰፊ ገጽ ስለማይኖራቸው ያ ሁሉ ብር የወጣበት አይሻዶ ደብዛዛ ዱቄት ይሆናል።