ጉግል ሺትስ፦ ብር ለሌለው ጀማሪ ያዋጣል?

ሦስት ሆነን ቦርሳ መስፋት ስንጀምር የነበረን ሁለት ማሽንና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ስናጠያይቅ የነገሩን ዋጋ ሦስተኛ ማሽን ይገዛል። ተውነውና ጉግል ሺትስ ላይ፣ ማለትም ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚሞላው ሠንጠረዥ ላይ ገባን፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።

ነፃ ነው፣ የጉግል አካውንት ካለህ ይበቃል። የሚሰጡህ 15 ጊጋባይት ማከማቻ ከጂሜይልና ከድራይቭ (ከጉግል ፋይል ማስቀመጫ) ጋር የጋራ ቢሆንም ቁጥር ብቻ ለሚመዘግብ ሰው ቶሎ አያልቅም። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ባልደረባዬ ስፌት ቤት ሆና የጨረሰችውን በስልኳ ስትመዘግብ እኔ ደንበኛ ጋ ቆሜ ወዲያው አየዋለሁ፤ "ሰማያዊው አለ?" ብለው ሲደውሉልኝም ስልኩ ሳይዘጋ "አራት አለ" እላለሁ። ከእኛ ብዙ እጥፍ የሚያመርቱት "መጋዘን ጠይቄ ልደውልልህ" ይላሉ፣ አንዳንዴም ይረሱታል። በዋጋ አንችላቸውም፣ በዚህ ግን እንቀድማቸዋለን።

አሁን ወደ ጉዱ። አማርኛ ስትጽፍ ተጠንቀቅ! እኔ "ሰማያዊ" እላለሁ፣ ባልደረባዬ "ሠማያዊ" ብላ ትጽፋለች፣ ለሺትሱ ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው። የመረጥነውን ቀለም ብቻ ለይቶ በሚደምረው ሳምኢፍ በተባለው ቀመር ስንደምር የእሷን ይዘለዋል። ጨርቅ አልቋል ብለን ሌላ ገዛን፣ ለካ መደርደሪያው ላይ ተቆልሏል። ጥፋቱ የራሳችን ነው፣ ዳታ ቫሊዴሽን የሚባለውን ቀድመን ብንጠቀም ኖሮ ቀለሙን ከተዘጋጀ ዝርዝር እንመርጥ ነበር እንጂ በእጅ አንጽፍም። ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኛ ግን ለማወቅ ወራት ፈጀብን።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዱ ሙሉ ዓምድ አጥፍቶ ዝም አለ (እኔ ነኝ)። የፋይሉን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጠው ቨርዥን ሂስትሪ ገብተን የትናንቱን መለስን፣ በወረቀት ደብተር ቢሆን አለቀልን ነበር።

ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል፣ ግን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ቀድመህ ማዘጋጀት አለብህ፣ ያኔም የሌላው ሰው ለውጥ አይደርስህም። የመጨረሻዋን ቦርሳ ለሁለት ሰው የሸጥነው እንዲህ ነው።

የአንድ ፋይል ጣሪያ 10 ሚሊዮን ሴል (የሠንጠረዡ ሳጥን) ነው፣ ለእኛ አያሳስብም። ቀመር ከበዛበት ግን ያንን ሳይደርስም ይንቀራፈፋል፣ በተለይ በአሮጌ ላፕቶፕ። ደረሰኝና ደመወዝ በብዛት ለሚያንቀሳቅስ ሰው አልመክርም፣ ያ የሌላ ሶፍትዌር ሥራ ነው።

ሰሞኑን አራተኛ ሰው ልንቀጥር ነው። ለእሱ የማየት ፈቃድ ብቻ ነው የምሰጠው፣ እኛ ያበላሸነው ይበቃል።