ለሂሳብ ቢሮዎች ጥቆማ፦ ሰርቨራችንን በጥንድ ዲስክ ላደራጀልን ባለሙያ ምስጋና

የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሂሳብ የሚያሳውቁበት ጊዜ ጥቅምት 30 ስለሚያበቃ፣ እንደኛ የደንበኞቹን መዝገብ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ለሚይዝ ቢሮ ይህ ወር ፋታ የለውም። ዘንድሮ በዚሁ ወር ከሰርቨራችን ሁለት ሃርድ ዲስኮች አንዱ ተበላሸ፤ ሥራችን ግን አልተቋረጠም። ስለዚህም ሲስተሙን የዘረጋልንን፣ መገናኛ አካባቢ የሚሠራውን ወንድማችንን በአደባባይ ላመሰግነው እወዳለሁ።

የዘረጋልን «ሬይድ 1» የሚባለውን አሠራር ነው፤ የሚመዘገበው ሁሉ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ስለሚሰፍር አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ወጪው ግን አለ፦ ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ተገዝቶ የሚይዘው 4 ቴራባይት ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ሌላም ቴክኒሺያን ይሠራው ይሆናል፤ የእሱን የለየው ጥንቃቄው ነው። አብረው የተመረቱ ዲስኮች ተቀራርበው ሊበላሹ ስለሚችሉ ከተለያየ የምርት ዙር መርጦ ገዛ። በጥድፊያ ጤነኛው ዲስክ እንዳይነቀል ደግሞ የእያንዳንዱን ሴሪያል ቁጥር በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ከፊት ለጠፈበት፤ በጥቅምቱ ብልሽትም የሞተውን የመዘዘው ሰርቨሩ በላከው የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ላይ የመጣውን ቁጥር ከፕላስተሩ ጋር አመሳክሮ ነው። ገና ሲያስረክበንም የሂሳብ ሠራተኛችን ቫውቸር እየመዘገበች ሳለ አንዱን ዲስክ በዓይናችን ፊት ነቅሎ፣ ምዝገባው እንደማይቆም አሳይቶናል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ሳንጠይቀው እቅጩን ስለነገረን ነው። ጥንድ ዲስክ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም፤ ሠራተኛ በስህተት የሰረዘው ወይም ቫይረስ የቆለፈው ፋይል በሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል፣ ሌባም ሰርቨሩን እንዳለ ይዞት ይሄዳል። በመሆኑም በየሳምንቱ ተገልብጦ ከቢሮ ውጭ የሚቀመጥ ኤክስተርናል ዲስክ እንድንይዝ አደረገን፤ ያም በወሬ እንዳይቀር የአንድ ደንበኛን መዝገብ ከዚያ ላይ በሌላ ላፕቶፕ ከፍቶ ትራያል ባላንሱን (የሂሳቦቹን ማመዛዘኛ ዝርዝር) ከኛው ጋር አስተያየ። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) እስኪያልቅበት ከመጠበቅ ይልቅ፣ ባትሪው ሲዳከም ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋም አገናኝቶታል።

ርካሽ ነው አልልም፤ ሥራም ስለሚበዛበት ቀደም ብሎ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ነገር ግን ዕቃውን ከነደረሰኙ አስረክቦ የእጅ ዋጋውን ለብቻው ነው የሚጠይቀው። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።